መንገዱ የጭነቱ ነበር

ጀንግሰን የተሾመ ሹም ሁለት ጊዜ ያለቅሳል ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ሲመጣ ገደሉን አይቶ፣ ሲሄድ ደግሞ ከሰዉ መለየቱ ከብዶት። ሁለተኛውን ልቅሶ የጨመሩት ባለአገሮቹ ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩምና ለእነሱ እንተውላቸው። የመጀመሪያውን ግን የኮሪያን ካርታ ዘርግቶ ጣቱን ከሴኡል ወደ ምሥራቅ ያስኬደ ሁሉ ያምነዋል። ጣት እንኳ ይደክማል።

ጀንግሰን በደቡብ ኮሪያ በጋንግወን ግዛት፣ በቴቤክ ተራሮች መሐል የተሰነቀረ አውራጃ ነው። ጋንግወን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ ስም አይደለም። የቃኘው ሻለቆች የተዋጉባቸው ህዋቸንና ቸርወን፣ የዘማቾቻችን ሐውልት የቆመባት ቹንቸን የዚሁ ግዛት ናቸው። እነሱ ግን በሰሜን ምዕራብ፣ በጦር ግንባሩ በኩል ናቸው፤ የእኛ ጉዞ በተቃራኒው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። የአውራጃው ስፋት 1,220 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሴኡልን ከተማ ሁለት እጥፍ ያህላል። ነዋሪው ዛሬ 35 ሺህ አካባቢ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ 140 ሺህ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ሁሉ ሰው በምን መጣ፣ በምንስ ሄደ የሚለው ጥያቄ የአውራጃው ታሪክ ግማሽ ነው።

የተራሮቹ ቁመት ለእኛ ለደገኞች ላያስደንቅ ይችላል። ጋሪዋንግሳን 1,561 ሜትር፣ ሃምቤክሳን 1,573 ሜትር፤ አዲስ አበባ ከሁለቱም ጫፍ በላይ ተቀምጣለች። የጀንግሰን ችግር ሜዳ ማጣት ነው። ከአምስት እጅ ከአራቱ በላይ ዳገትና ደን ነው፤ የቀረውን ወንዞች እየተጠማዘዙ ይሻሙታል። ሰዉ ስለ ሸለቆው ጥበት ሲቀልድ ከፊት ለፊት ተራራ እስከ ኋላ ተራራ የልብስ ማስጫ ገመድ እንወጥራለን ይላል። ከታች፣ ወንዙ በቆረጠው በኩል፣ ድንጋዩ ኖራ ድንጋይ ነው፤ ዋሻም ገደልም የሚበዛው ለዚህ ነው። በደቡቡ ከፍታ ደግሞ በሳቡክ፣ በጎሃን፣ በሃምቤክ ተራሮች ሆድ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ተኝቷል። ከሰሉ ያለው፣ ሰው ለመኖር በማይመርጠው ከፍታ ላይ መሆኑን ልብ እንበል፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

ከምዕራብ በኩል የሚገባው አሮጌ የመኪና መንገድ ከፒዮንግቻንግ ተነስቶ አንድ በር ይሻገራል። የበሩ የድሮ ስም ሌላ ነው፤ ሰዉ ግን «የአውሮፕላን በር» እያለ ይጠራው ነበር። በአውቶቡሱ መስኮት ቁልቁል ያየ መንገደኛ ከመሬት የተነሳ ስለሚመስለው ነው። አሁን ዋሻ ተበስቶለት ዳገቱ ቀርቷል፤ ስሙ ግን ከሰዉ አፍ አልወጣም።

ከመኪናም ከባቡርም በፊት መንገዱ ወንዙ ነበር። በአውራጃው ሰሜን፣ የርያንግ በምትባል መንደር፣ ሶንግቸንና ጎልጂቸን የሚባሉ ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ። መገናኛው አውራጂ ይባላል። የአማርኛ ጆሮ «አውራጃ» ብሎ ቢሰማው አይፈረድበትም፤ በኮሪያኛ ግን መገጣጠም፣ መዋሐድ ከሚል ቃል የመጣ ነው። ሶንግቸን በድንጋይ ላይ እየዘለለ ስለሚመጣ ወንድ ውሃ፣ ጎልጂቸን ረጋ ብሎ ስለሚወርድ ሴት ውሃ ይሏቸዋል። ከዚህ በታች ስሙ እየተቀያየረ፣ ጆያንግ ከዚያም ዶንግ እየተባለ፣ በመጨረሻ ከደቡብ ሃን ወንዝ ጋር ሆኖ ሴኡል ይገባል። ማለትም ከዚህ ገደል መሐል የተጣለ ግንድ፣ የሚመራው ሰው ካገኘ፣ ዋና ከተማው ደጃፍ ይደርሳል።

የሚመራው ሰው ነበረ። ንጉሣዊው ቤት በ1865 የግዮንግቦክን ቤተ መንግሥት እንደገና ማሠራት ሲጀምር የጋንግወን ጥድ በእጅጉ ተፈለገ። በክረምት የተቆረጠው ግንድ በረዶው ሲቀልጥ አውራጂ ላይ ጎን ለጎን ይታሰራል፣ አንዱ ጥማድ በሌላው ኋላ ይቀጠላል፣ ሰዎች ከፊትና ከኋላ ቆመው በመቅዘፊያ እያቀኑ ይወርዳሉ። ፏፏቴ የሚመስሉ ቋጥኝ የሞላባቸው ስፍራዎች ላይ የግንዱ ታንኳ ከተበተነ ግንዱም ሰውየውም ይጠፋል። በሰላም የደረሰ ግን በአንድ ጉዞ ከመንደር ሰው የዓመት ገቢ የሚበልጥ ይዞ ይመለሳል፤ ወንዝ ዳር ያሉት መጠጥ ቤቶች ካልቀደሙት። ኮሪያውያን ዛሬም በአንድ ጊዜ የተገኘ ብዙ ገንዘብን «ቴዶን» ይሉታል። «ቴ» ማለት የግንድ ታንኳ ነውና ቃሉ ከነዚህ ሰዎች ኪስ የወጣ ነው ይላል የጀንግሰን ሰው።

ወንዙ ጭነት ቢያወርድም ሰውን ግን ይለያይ ነበር። የርያንግ ያለች ልጅ ማዶ ካለው ፍቅረኛዋ ጋር አበባ ለመልቀም ተቀጣጥራ፣ በሌሊት ጎርፍ መጥቶ መሻገሪያው ተቋርጦባት ቀረች የሚለው ታሪክ የተወለደው እዚሁ አውራጂ ላይ ነው። የልጅቷ ሐውልት ዛሬም ውሃውን ትይዩ ቆሟል። ታሪኩ የጀንግሰን አሪራንግ በሚባለው እንጉርጉሮ ውስጥ ገብቶ ይዜማል። አሪራንግ በመላው ኮሪያ አለ፤ የጀንግሰኑ ቀርፋፋው፣ ግጥሙ የማያልቀው ነው። በ1971 የጋንግወን ግዛት ቁጥር አንድ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ግጥሞቹን በርከት አድርጎ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል፤ ብዙዎቹ ስለ መንገድ ናቸው። ስለ ዳገት፣ ስለ ጀልባ፣ ስለሚሄድና ስለማይመለስ። ሜዳ ያለው ሕዝብ እንዲህ አይዘፍንም።

አሁን ወደ ከሰሉ እንውጣ።

የኮሪያ ጦርነት ሲያበቃ የደቡብ ኮሪያ ተራራ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ለማገዶ ያልተቆረጠ ዛፍ አልነበረም። የኮሪያ ቤት የሚሞቀው ከወለሉ ሥር በሚያልፍ እሳት ነው፤ ኦንዶል ይሉታል። ይህን ያህል ወለል በእንጨት ማሞቅ ደን መጨረስ ነው። መንግሥት ሕዝቡን ከእንጨት ወደ ከሰል ማዞር ነበረበት። የአገሩ ከሰል ደግሞ አንትራሳይት የሚባለው፣ ጭሱ ትንሽ፣ ግን እጅ ላይ እንደ ዱቄት የሚበተን ዓይነት ነው። ስለዚህ ፈጭተው፣ በውሃ ለውሰው፣ በማሽን ጠፍጥፈው የንታን ሠሩ።

የንታንን ቀረብ ብለን እንየው። ቁመቱ ከስንዝር ያነሰ፣ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ተኩል አለፍ የሚል፣ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ የተበሳበት ጥቁር ሲሊንደር ነው። የተለመደው 22 ቀዳዳ አለው። ምድጃው ውስጥ ያለቀው ከታች፣ አዲሱ ከላይ ይቀመጣል፤ የሁለቱ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ካልገጠሙ እሳቱ አያልፍም። ስለዚህ በየቤቱ አንዲት ሴት ሌሊት ተነስታ፣ በመቆንጠጫ ይዛ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ቀዳዳ ታገጣጥም ነበር። ነድዶ ያለቀው አመዱ ፈዛዛ ብርቱካናማ ይሆንና በረዶ በጋገረው መንገድ ላይ ተሰባብሮ ይበተናል፤ እግር እንዳያንሸራትት። በወለሉ ስንጥቅ የሚወጣው ሽታ አልባ ጋዝ ግን በየክረምቱ ቤተሰብ ሙሉ ተኝቶ እንዲቀር ያደርግ ነበር። ሴኡል በዚህ ሞቀች፣ በዚህም ሞተች።

ይህን ከሰል ከተራራ ለማውረድ የመጣው ባቡር ዘግይቶ ነው የደረሰው። ጃፓኖች በቅኝ ግዛት ዘመናቸው በምሥራቅ በኩል ከባሕር ወደ ቸራም የሚወጣ የከሰል ሀዲድ ሲዘረጉ ጀንግሰንን አልነኩትም። በጀንግሰን የጃፓን ዘመን ትልቁ ቁፋሮ የወርቅ ነበር፤ ህዋም ላይ ከ1922 እስከ 1945 የተቆፈረው ጉድጓድ ዛሬ ከጎኑ ካለው የኖራ ዋሻ ጋር ለጎብኚ ክፍት ነው። ባቡር ወደ አውራጃው የገባው በ1957፣ ከየንግወል ተነስቶ ሃምቤክ ሲደርስ ነው። ሃምቤክ ላይ የመንግሥቱ የከሰል ኮርፖሬሽን ጉድጓድ ነበረ። መሐንዲሶቹ ከሃምቤክ ወደ ላይኛው ሸለቆ ለመዝለቅ ሲያስቡ ተራራው አናታቸው ላይ ነበር። መፍትሔያቸው ሀዲዱን እባብ እንደሚጠመጠም በተራራው ሆድ ውስጥ ማዞር ሆነ። ባቡሩ ጨለማ ይገባል፣ ክብ ሠርቶ ይወጣል፤ ተሳፋሪው ከገባበት በላይ ያለ ሌላ ፎቅ ላይ ራሱን ያገኘዋል።

ሀዲዱ ያልደረሰበትን መኪና ሸፈነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወታደራዊው መንግሥት ከብሔራዊ ውትድርና ያመለጡትን ሰብስቦ ወደ ግንባታ ሥራ አሠማርቶ ነበር። ከሃምቤክ እስከ ማንሃንግጄ በተራራው ወገብ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚሄደውን የከሰል መንገድ የቆፈሩት እነሱ ናቸው። መሣሪያቸው አካፋና ዶማ ነበር። ማንሃንግጄ ራሱ 1,330 ሜትር ላይ ነው፤ በደቡብ ኮሪያ መኪና የሚያልፍበት ከፍተኛው በር። ከሰል የጫነ መኪና በዚያ ጥምዝምዝ፣ በክረምት፣ በበረዶ ላይ። ስለ አሽከርካሪዎቹ የተጻፈ ብዙ የለም፤ ቢኖር ኖሮ አነበው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1966 ሀዲዱ ወደ ጎሃን ወጣ። በዚያው ዓመት መከር ላይ በሴኡል የየንታን እጥረት ተፈጥሮ ሕዝቡ መጮኹ ለከሰሉ መንገድ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ባለሥልጣናቱን ሊያስታውሳቸው በተገባ ነበር። መንግሥት ግን መጀመሪያ የወሰደው ትምህርት ተቃራኒው ነበር፤ ወደ ነዳጅ ዘይት ማዘንበል ጀመረ። ዘይቱ ግን አልጠቀመም። ጎሃንን ከቴቤክ በኩል ካሉት ከሰላማ ሸለቆዎች ጋር የሚያገናኘው 4,505 ሜትር የጀንጋም ዋሻ በኦክቶበር 1973 ተከፈተ፤ በዚያው ወር መካከለኛው ምሥራቅ ላይ ጦርነት ተነስቶ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ወጣ። ዋሻው የተከፈተው ከሰል እንደገና ንጉሥ በሆነበት ሳምንታት ነው። በቀጣዩ ዓመት እስከ ጎሃን ያለው መስመር በኤሌክትሪክ መሥራት ጀመረ። ይህን ከሌላ ቁጥር ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። የአገሪቱ ዋና መስመር፣ ከሴኡል ቡሳን የሚወስደው፣ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የገባለት በ2006 ነው። ለከሰሉ ከ30 ዓመት በላይ ቀድሞ መጣ፤ የቡሳን መንገደኛ በናፍጣ ጠበቀ።

እኔ የጀንግሰንን ካርታ የማነበው በዚህ ዓይን ነው። ለሰው ተብሎ የተሠራ ሀዲድ አልነበረም። ጭነቱ መንገዱን ጠራው፣ ሰዉ በትርፍ ቦታው ተሳፈረ። ከዛሬዋ ሚንዱንግሳን ጣቢያ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን የሚሄደው የጀንግሰን ቅርንጫፍ መስመር ይህን ከሁሉም በላይ ያሳያል። በ1967 የአውራጃው ዋና ከተማ ጀንግሰን ደረሰ። ዋና ከተማ ነውና እዚያ ያቆማል ይባላል። አላቆመም። በ1971 አውራጂ ዳር የርያንግ ገባ፣ በ1974 ደግሞ ጉጀልሪ የምትባል ሰው የማያውቃት ሸለቆ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ጉጀልሪ ላይ ከሰል ነበር። ከዚያ ወዲያ ከሰል የለም፤ ሀዲድም የለም።

በዚህ ቅርንጫፍ ላይ ይመላለስ የነበረው የሕዝብ ባቡር «ቢዱልጊ»፣ ርግብ ማለት ነው፣ የኮሪያ ርካሹና ቀርፋፋው ባቡር ነበር። በየጣቢያው ይቆማል፣ ጣቢያ ባልሆነውም የሚቆም ይመስላል። መጨረሻ ላይ አንድ ፉርጎ ብቻ እየጎተተ ይሄድ ስለነበር ድንክ ባቡር ይሉት ጀመር። የተማሪ ቦርሳ፣ የገበያ ቅርጫት፣ ከተራራ የተለቀመ ጎመን የሚመስል ቅጠል። የጀንግሰን ገበያ የሚውለው ቁጥራቸው በ2 እና በ7 በሚያልቅ ቀኖች ነውና በነዚያ ቀኖች ርግቧም ትከብዳለች። እዚያ ገበያ ከሚሸጡት አንዱ ወፍራም የጥቁር እህል ፓስታ ነው፤ ሲስቡት ጫፉ ተወንጭፎ አፍንጫ ስለሚመታ «አፍንጫ መቺ» ይባላል። ይህ ከታሪኩ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ግን ሳይጠቀስ ማለፍ አይሆንልኝም።

የሳቡክና የጎሃን የደጉ ዘመን ወሬ በሁሉም የከሰል ከተማ እንደሚወራው ነው። ውሾች እንኳ በአፋቸው የአሥር ሺህ ዎን ኖት ይዘው ይዞሩ ነበር ይባላል። ያለ ሚስት መኖር ይቻላል፣ ያለ ቦት ጫማ ግን አይቻልም ይባላል፤ መንገዱ ጥቁር ጭቃ ነበርና። የትምህርት ቤት ሕፃናት ወንዝ ሣሉ ሲባሉ በጥቁር ቀለም ሣሉ፤ ሲያዩ ያደጉት እሱን ነው። ፈረቃው ሦስት ነበር። ሚስት ለባሏ ምሳ ስትቋጥር በቀይ ወይም በሰማያዊ ጨርቅ ትጠቀልላለች፣ ሩዙን አራት ማንኪያ አድርጋ አትጨልፍም፤ አራት በኮሪያኛ ከሞት ጋር አንድ ድምፅ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ማፏጨት ነውር ነው። ከጉድጓድ ሲወጡ የአሳማ ሥጋ ይበላል፤ ስቡ በጉሮሮ የገባውን አቧራ ያወርዳል ተብሎ። አላወረደውም። በሳንባ የተቀመጠው አቧራ ብዙዎቹን እስከ እርጅናቸው፣ ወደ እርጅና ሳይደርሱም፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ አስቀርቷቸዋል።

የጉድጓዱ የመጨረሻ ጫፍ፣ ዶማው ያረፈበት ግድግዳ፣ ማክጃንግ ይባላል። ቃሉ ዛሬ በኮሪያ ቴሌቪዥን ቋንቋ ውስጥ ገብቶ ዝሙት፣ ቅሚያና የተደበቀ ልጅ የሞላበትን የማይረባ ተከታታይ ድራማ መጠሪያ ሆኗል። በ2009 የመንግሥቱ የከሰል ኮርፖሬሽን ኃላፊ ይህን በይፋ ተቃውመው ነበር፤ ማክጃንግ የሥራ ቦታ ነው እንጂ የብልግና ስም አይደለም ብለው። ማንም አልሰማቸውም፣ ድራማውም ቀጠለ።

በኤፕሪል 1980 ሳቡክ ተነሳች። የዶንግወን ድርጅት ጉድጓድ በአገሪቱ ካሉት የግል ጉድጓዶች ትልቁ ነበር። ሠራተኛው 42.75 በመቶ ጭማሪ ሲጠብቅ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከድርጅቱ ጋር በ20 በመቶ ተስማምተው ተገኙ። ኤፕሪል 21 ቀን አንድ የፖሊስ መኪና ለማምለጥ ሲል የተሰበሰቡትን ሠራተኞች ገጭቶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ማንም የሚመልሰው አልሆነም። ፍልሚያው የተካሄደው የባቡር ሀዲዱ በላይ፣ የመኪናው መንገድ በሥር በሚያልፉበት፣ ሁለት ዓይን ባለው ድልድይ ላይ ነው። ሰዉ «የመነጽር ድልድይ» ይለዋል። ፖሊሶቹ ወደ ከተማው ለመግባት በሥር ማለፍ ነበረባቸው፣ ማዕድን ቆፋሪዎቹና ሚስቶቻቸው ሀዲዱ ላይ ቆመው ድንጋይ ያወርዱ ነበር። አንድ ፖሊስ ሞተ፣ ብዙ ሰው ቆሰለ፣ ከተማዋ እስከ ኤፕሪል 24 ቀን በሠራተኞቹ እጅ ቆየች። ከስምምነቱ በኋላ ወታደራዊው ሹመኛ ቃሉን በልቶ ሰዎቹን ለቀማቸው፤ ሴቶቹም ጭምር ተገረፉ። የአገሪቱ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2008 መንግሥት ይቅርታ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቅርቧል። የሳቡክ ታሪክ ሳቡክ ብቻ ተብሎ ለዓመታት በሹክሹክታ የተነገረው ከሳምንታት በኋላ የጓንግጁ ከተማ እልቂት መጥቶ ስለሸፈነውም ጭምር ነው።

ከሰሉ ያበቃው በጉድጓዱ ውስጥ ስላለቀ አይደለም። በ1988 ደቡብ ኮሪያ ከ24 ሚሊዮን ቶን በላይ አወጣች፤ ከዚያ በላይ ወጥቶ አያውቅም። በአገሪቱ ከ340 በላይ ጉድጓዶች፣ ከ60 ሺህ በላይ ቆፋሪዎች ነበሩ። ሴኡል ግን ኦሎምፒክ አዘጋጅታ፣ አፓርታማ ሠርታ፣ በጋዝ መሞቅ ጀምራ ነበር። ሌሊት ተነስቶ ቀዳዳ የሚያገጣጥም ሰው ጠፋ። በ1989 መንግሥት የማያዋጣውን ጉድጓድ ለሚዘጋ ድጎማ መስጠት ሲጀምር የተራራው ከተሞች በጥቂት ዓመት ባዶ ቀሩ። የሃምቤክ ጉድጓድ በ1993 ተዘጋ። የጎሃኑ የጀንጋም ጉድጓድ በ2001፣ የሳቡኩ በ2004። የመንግሥቱ ኮርፖሬሽን የመጨረሻውን በዶግዬ የዘጋው በ2025 ነው፤ ዶግዬ ግን የጎረቤት ናት።

በማርች 1995 የጎሃንና የሳቡክ ነዋሪዎች ጎዳና ወጥተው የምንኖርበት ነገር ስጡን ሲሉ መንግሥት ቃል ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ልዩ ሕግ ጉድጓድ ለተዘጋበት አካባቢ ቁማር ቤት ፈቀደ። ኮሪያውያን ራሳቸው ገብተው የሚቆምሩበት በአገሪቱ ያለ ብቸኛ ቤት ነው፤ ሌሎቹ ለውጭ ዜጋ ብቻ ናቸው። ባለቤቱ ጋንግወን ላንድ በ1998 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን አዳራሽ በኦክቶበር 28 ቀን 2000 ከፈተ። ኖቬምበር 14፣ ከ17 ቀን በኋላ፣ በጀንግሰን መስመር ላይ የቀረው የኮሪያ የመጨረሻው ቢዱልጊ የመጨረሻ ጉዞውን አደረገ። ሁለቱን ቀኖች ያቀናበራቸው የለም። ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው አርታኢው ይሰርዝበት ነበር።

ቁማር ቤቱ የሚፈልገው መንገድ ሌላ ዓይነት ነው። ባለ 38 ቁጥሩ አውራ ጎዳና አራት መስመር ሆነ። ከሴኡል ገንዘብ ይዞ የሚመጣው በፍጥነት እንዲመጣ ነው፤ የሚመለሰው በምን እንደሚመለስ የራሱ ጉዳይ ነው። በሳቡክ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ አራጣ አበዳሪዎች ተደረደሩ፤ ሰዓት፣ ወርቅ፣ ከሁሉም በላይ መኪና እየያዙ ያበድራሉ። መኪናውን ነድቶ የመጣ ሰው በአውቶቡስ የሚመለስባት ከተማ ሆነች። አንድ ሰው በወር ከ15 ቀን በላይ እንዳይገባ ተደንግጓል፤ ይህ ቁጥር ስለ ቤቱ ብዙ ይናገራል። በሌላ በኩል አውራጃው ከዚህ ገቢ ውጭ ምን ይዞ እንደሚኖር የሚያውቅ ካለ ይንገረን። በአውራጃው ያለው የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ከዚያ ተወለደ፣ ሥራውም ከዚያ ነው። በ2018ቱ የክረምት ኦሎምፒክ ቁልቁል ውድድሩ የተካሄደው በጋሪዋንግሳን ነው፤ ለዚያ የተመነጠረው ደን ይመለስ አይመለስ ተብሎ ሲከራከሩ ቆይተው በ2023 በስፍራው ያለው የኬብል መኪና ለጎብኚ ተከፈተ።

ሳቡክ ላይ የተዘጋው ጉድጓድ መሥሪያ ቤት አልፈረሰም። ቦት ጫማዎቹ፣ የራስ መብራቶቹ፣ የሥራ ልብሶቹ እንደነበሩ ተቀምጠዋል። ከውጭ በትልልቅ ፊደል «የኢንዱስትሪ ወታደር፣ ማዕድን ቆፋሪ ነበርሁ» ተብሎ ተጽፏል። የጎሃኑ ደግሞ በ2013 የሥዕል ማሳያ ሆኗል። ከሁሉ እኔን የሚይዘኝ ግን የሃምቤክ ጣቢያ ነው። አነስተኛ የ1957 ቤት ነበር። በ2006 ባለቤቱ አፈረሰው፤ የመንደሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ፎቶግራፍ ሰብስበው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና አቆሙት። ባቡር አይቆምበትም። ቤቱ ግን አለ።

የከሰል መኪናዎች ይሄዱበት የነበረው የላይኛው መንገድም አለ። ከ2022 ጀምሮ ከየንግወል እስከ ሳምቸክ ባሕር 173 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የእግረኛ መንገድ አካል ሆኗል፤ ስሙ ላይ 1330 የሚለው ቁጥር የማንሃንግጄ ከፍታ ነው። በመንገዱ ዳር፣ ከሳቡክ በላይ ዛፍ መሐል፣ ትንሽ ኩሬ አለች። የጉድጓድ ጣሪያ ከታች ሰጥሞ መሬቱ ሲደረመስ ውሃ የሞላበት ነው። የቆፋሪዎች ሚስቶች እየወጡ በውሃው ውስጥ የሚኖረውን ሳላማንደር፣ እንሽላሊት የሚመስለውን ውሃ ወዳድ ፍጥረት፣ ይጎበኙ ነበር። እሱ በሕይወት ካለ ባሎቻቸውም ከሥር አሉ ማለት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ባሎቻቸው በሠሩት ባዶነት ላይ ቆመው ስለ ባሎቻቸው ይጸልዩ ነበር።

ለሰው ተብሎ የተሠራ መንገድ ምን ይመስላል ለሚል ጀንግሰን አሁን አንድ መልስ አላት። በ2020 አውራጃው የአውቶቡስ አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ አስገባ። አውቶቡሱ «ዋዋ» ይባላል፤ ና ና እንደማለት ነው። ታሪፉ አንድ ዓይነት 1,000 ዎን ነበር፣ ለሽማግሌዎች ደግሞ ነፃ። በየገደሉ ሥር ለቀሩ አሮጊቶች የገበያ ቀን እንደገና ተመለሰ። ጭነት የለውም፤ ትርፍም አይጠበቅበትም።

ጉጀልሪ ድረስ የሚሄደው የሕዝብ ባቡር በ2004 ቆሞ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጣቢያው በሌላ ነገር ተከፈተ፤ ሀዲዱ ላይ የሚሄድ ባለ አራት ጎማ ብስክሌት። ጣቢያው አጠገብ ሁለት አሮጌ ፉርጎዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተጭነው፣ እግርና አንቴና ተቀጥሎላቸው፣ ትላልቅ ፌንጣዎች መስለው ቆመዋል፤ ውስጣቸው ቡና ይሸጣል። ጎብኚው ትኬቱን ቆርጦ፣ ለሁለት ወይም ለአራት ሆኖ ይቀመጥና ፔዳሉን ይረግጣል። ብዙ መርገጥ አያስፈልገውም። መስመሩ የተዘረጋው ከሰል የሞላ ፉርጎ ቁልቁል እንዲወርድ፣ ባዶው ሽቅብ እንዲሳብ ሆኖ ነውና ብስክሌቱ ራሱ ይሄዳል፤ በወንዙ ዳር፣ በዋሻ ውስጥ፣ በድልድይ ላይ፣ 7.2 ኪሎ ሜትር እስከ አውራጂ። እዚያ ሰዎቹ ይወርዳሉ። ብስክሌቶቹ በሰንሰለት ይታሰራሉ፣ አንድ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ይመጣል፣ ባዶዎቹን ሽቅብ ይጎትታቸዋል።